የጣና ቀለማትና የተሰወረው ስሌት

ከባሕር ዳር ተነሥቶ በሐሙሲት በኩል ወደ ጎንደር ከሚዘልቀው ጐዳና በስተ ምዕራብ የተንጣለለው የጣና ሐይቅ፣ በደሴቶቹና በዳርቻው ባሉት ገዳማት የብዙ ዘመን የቀለም ጥበብ አቅፎ ይኖራል፤ በ15ኛው መቶ ዓመት መባቻ የተጻፈው የክብራን ገብርኤል ወንጌል፣ በ18ኛው መቶ ዓመት እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ፣ በዘጌም በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ሸማ ተለጥፎ የተሣሉት የዑራ ኪዳነ ምሕረት ሥዕሎች የዚሁ ጥበብ ምስክሮች ናቸው።

ጸሐፍቱ ጥቁሩን ቀለም ከጥላሸት፣ ከተቆላ እህልና ከዛፍ ሙጫ ቀምመው ለወራት እያብላሉ ያዘጋጁት ነበር። ጥበቡ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር የሚተላለፈው በቃልና በእጅ ስለ ነበረ፣ ብራናው ሲተርፍ የቀማሚው ዕውቀት ብዙ ጊዜ ከቀማሚው ጋር ወደ መቃብር ወረደ፤ በኋላ የተነሡት ተመራማሪዎችም መንገዱን ከፍጻሜው ወደ ጥንቱ ይሄዱት ዘንድ ግድ ሆነባቸው። ጨረር አሳርፈው የሚመለሰውን ብርሃን በመመርመር፣ ሥዕሉን ሳይፍቁ፣ በብዙ የኢትዮጵያ ብራናዎች ቀዩ ሜርኩሪና ድኝ ከተዋሐዱበት፣ ቢጫውም አርሴኒክና ድኝ ካሉበት ማዕድን እንደ ተገኘ ገለጹ። በ1932 እ.ኤ.አ. የፈረንሳዊው ተመራማሪ የግሪዮል የጥናት ጓድ ከጎንደር አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ወደ ፓሪስ የወሰዳቸው ሥዕሎችም እንዲሁ ተመርምረዋል።

ይኸው ዓይነት ፍለጋ በዘመናችን በፎቶ ማተሚያ ላይ ተፈጽሟል። በሙቀት የሚያትመው መኪና ቢጫ፣ ማጀንታና ሲያን የተቀባበትን ሪባን በተራ በወረቀቱ ላይ ሲያሳልፍ፣ በማተሚያው ራስ ላይ የቀረው ግለት ተከታዩን መስመር እንዳያጠቁረው አስቀድሞ የሚያርም ስሌት ያስፈልጋል፤ አንዳንድ የሚትሱቢሺ ማተሚያዎች ይህን ስሌት የሚቀበሉት ከኮምፒውተሩ ሲሆን፣ ስሌቱም በዝግ ሶፍትዌር ውስጥ ተሰውሮ ነበር። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጊምፕ ፕሪንት ተብሎ የተጀመረውን፣ ኋላም ጉተንፕሪንት የተሰኘውን፣ ኮምፒውተሩን ከማተሚያው ጋር የሚያገናኝ ነፃ ሶፍትዌር (ድራይቨር) ያዘጋጁት ባለሙያዎች ግን የዝጉን ሶፍትዌር አሠራር በትዕግሥት ፈትተው፣ የቀለሙን ማረሚያ እንደ ገና ጽፈው፣ ሊኑክስ የተባለውን ነፃ የኮምፒውተር ሥርዓት ለሚጠቀም ሁሉ ገልጠው ሰጡ።

አሠራሩ ያልተጻፈ ወይም የተሰወረ ቀለም፣ ተከታዩን ትውልድ አንድ ጊዜ የታወቀውን ነገር ዳግመኛ እንዲፈልግ ይፈርድበታል። ስለዚህ ዛሬም በጣና ዙሪያ ብራና የሚፍቁና ሥዕል የሚሥሉ ሊቃውንት የቅመማቸውን መጠንና ጊዜ በጽሑፍ እንዲያኖሩ፣ የሐሙሲትና የባሕር ዳር ወጣቶችም ቀርበው እየጠየቁ እንዲመዘግቡ አደራ እላለሁ።