ደምበጉና በጠረጴዛዬ ላይ

ሰሞኑን በጠረጴዛዬ ላይ አንዲት ታንክ ተቀምጣለች። ርዝመቷ 9 ሳንቲ ሜትር፣ ስፋቷ 4 ሳንቲ ሜትር ነው። የፋሽስት ኢጣልያ ጦር በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ሲወር ይዟት የመጣው፣ የፊያትና የአንሳልዶ ሥሪት የሆነችው የ«ሲቪ 35» ቀላል ታንክ የፕላስቲክ ሞዴል ናት፤ ከእውነተኛዋ 35 ጊዜ ታንሳለች።

ለሦስት ሳምንታት ማታ ማታ ቁርጥራጮቿን በምላጭ እያላቀቅሁ፣ በማጣበቂያ እያያያዝሁ ስገጣጥማት፣ «አያቶቻችንን የፈጀች መኪና ምን ትሠራልሃለች?» ብለው የቤቴ ሰዎች ታዝበውኛል። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው፤ ይህ ጽሑፍም መልሴ ነው።

ስለዚያ ጦርነት ስናወራ ከሁለት አንዱን እንመርጣለን። ወይ «በጎራዴ ታንክ የማረኩ ጀግኖች» እያልን እንፎክራለን፤ ወይም «በባዶ እግሩ ከብረት ጋር የተጋፈጠ ምስኪን» እያልን እናዝናለን። ሁለቱም አነጋገሮች አንድ ነገር ይዘነጋሉ፤ አባቶቻችን አስተውለው የሚዋጉ ሰዎች ነበሩ።

ይህን በሚገባ የተረዳሁት መትረየሶቿን ስገጥም ነው። ይህች ታንክ የሚሽከረከር ማማ የላትም። ሁለቱ መትረየሶች ከፊቷ በግራ በኩል የተተከሉ ሲሆኑ፣ ወደ ጎን የሚዞሩት በጥቂቱ ብቻ ነው። ሁለት ወታደሮች በውስጧ ጎን ለጎን ታጭቀው በጠባብ ቀዳዳ ይመለከታሉ። የፊቷ ብረት ውፍረት 14 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ የጎኗ ከዚያም ይሳሳል። ከኋላዋ ለሚመጣ ሰው ዕውር ናት ማለት ይቻላል።

ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. ተከዜን የተሻገረው የልዑል ራስ እምሩ ጦር ግንባር ቀደም ክፍል፣ በሽሬ ደምበጉና ላይ የጠላትን ጦር ከበበ። ታንኮቹ መውጫ ሊከፍቱ ተላኩ፤ ነገር ግን ተዋጊዎቹ ከጎንና ከኋላ እየቀረቡ ከጥቅም ውጪ አደረጓቸው። ይህ ጭፍን ድፍረት ነበርን? በፍጹም። የመሣሪያውን ድክመት በዐይን መርምሮ መረዳት ነበር።

የጠላት መልስስ ምን ሆነ? ከዚያ ድል አንድ ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ በተከዜ ዳርቻ በእነዚሁ በራስ እምሩ ወታደሮች ላይ አውሮፕላኖች የሰናፍጭ ጋዝ ጣሉ። በመርዝ ጋዝ መዋጋትን የሚከለክለውን የ1917 ዓ.ም. የጄኔቫ ስምምነት ኢጣልያ ራሷ ፈርማ ነበር። የኢጣልያ መከላከያ ሚኒስትር ጋዙ ጥቅም ላይ መዋሉን ለፓርላማቸው ያመኑት ግን ከ60 ዓመታት በኋላ፣ በ1988 ዓ.ም. ነው።

ሞዴሏን ቀለም ቀብቼ ጨርሻለሁ። በካርቶኗ ውስጥ ሰንሰለቱም፣ መትረየሱም፣ በሩም ተሟልቶ መጥቷል። ተከዜ ላይ የሆነውን የሚያሳይ ክፍል ግን በካርቶን አይሸጥም፤ እሱን መንገር የእኛ ፈንታ ነው። ስለዚህ አንዱን ሰንሰለቷን በጥሼ መደርደሪያዬ ላይ አኑሬአታለሁ። ልጆቼ «ለምን ተበጠሰ?» ብለው ሲጠይቁኝ ከደምበጉና ጀምሬ ተከዜ ድረስ እተርክላቸዋለሁ።