በድንጋይ ላይ የቀረ ዱካ



በላሊበላ፣ በቤተ ጊዮርጊስ፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ ኮቴ ነው እየተባለ ለተሳላሚ የሚታይ ምልክት አለ። ይህ የእምነት ነገር ነው። እኛ ዛሬ የምንናገረው ግን ሰው በምድር ላይ ከመታየቱ እጅግ አስቀድሞ፣ በባሕር ዳር ጭቃ ላይ ስለ ታተመ የእንስሳት ዱካ ነው።

ከላስታ በስተ ሰሜን ያለውን የዋግን ደጋ የሸፈነው ጥቁር ድንጋይ፣ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ቀልጦ ፈስሶ የረጋ ነው። ከሰቆጣ ወደ ተከዜ ሸለቆ የሚወርድ መንገደኛ ግን ከዚህ በታች የአሸዋና የኖራ ድንጋይ ተነባብሮ ያገኛል። በ1860 ዓ.ም. ከናፒየር ጦር ጋራ ወደ መቅደላ የመጣው የሥነ ምድር ሊቅ ዊልያም ብላንፎርድ፣ የዚህን ወገን የኖራ ድንጋይ በትግራይ ባለችው በአንታሎ ስም ጠራው። በውስጡ የሚገኘው ዛጎል፣ አገሩ ቀድሞ በባሕር ተውጦ እንደ ነበረ ይመሰክራል።

በዚያ ዘመን ቀይ ባሕር ገና አልተከፈተም ነበር፤ ኢትዮጵያና የመን አንድ ምድር ነበሩ። ያን ጥንታዊ ባሕር የረገጡት እንስሳት ዱካም በየመን ተገኘ። ከሰንዓ በስተ ሰሜን፣ በማደር መንደር አጠገብ፣ ቢያንስ 11 ግዙፋን ዳይኖሰሮች በአንድ አቅጣጫ የተጓዙበትን ዱካ የሰንዓ ዩኒቨርሲቲው ሞሐመድ አል ዎሳቢና ባልደረቦቻቸው በ2000 ዓ.ም. አሳተሙ። ዕድሜው 150 ሚሊዮን ዓመት ያህል ይገመታል።

ጭቃ እንዴት ይህን ያህል ዘመን አደራ ይጠብቃል? ባሕሩ ሲጎድል ዳርቻው እርጥብ ሆኖ ይገለጣል፤ እንስሳው ይረግጠዋል፤ ፀሐይ ያደርቀዋል። ባሕሩ ተመልሶ ሲመላ ደቃቅ ደለል በቀስታ ያለብሰዋል። ደለል በደለል ላይ ሲጫን ጭቃው ዐለት ይሆናል፤ ከብዙ ዘመን በኋላም ዝናብና ጎርፍ የላዩን አጥበው ዱካውን ይገልጡታል።

በእኛም አገር፣ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ካሉት የአባይ ገባሮች ሸለቆ፣ የዳይኖሰር ጥርስ ተገኝቷል። ነገር ግን ጥርስና አጥንት በጎርፍ ተወስዶ ከሩቅ ሊመጣ ይችላል፤ ዱካ ግን ከቦታው አይነሣም። እንስሳው በዚያች ስፍራ መቆሙን፣ ብቻውን ወይም ከመንጋው ጋራ መሄዱን የሚነግረን ዱካው ነው።

ስለዚህ፣ አድማጮች ሆይ፣ መንገድ የምታሠሩ፣ ለሕንፃ ድንጋይ የምታስፈልጡ፣ በየአውራጃው የምትዘዋወሩ ሁሉ፣ በኖራ ድንጋይ ገጽ ላይ በተራ የተሰለፈ ጎድጓዳ ምልክት ብታዩ መዶሻው ጥቂት ይቆይ። አጥንት ቢሰበር ስብርባሪው ይጠገን ይሆናል፤ ጠጠር ሆኖ በመንገድ ላይ የተነጠፈ ዱካ ግን ዳግመኛ አይነበብም።