የወላይታ ልጅ በምን ፊደል ይጻፍ?

በወላይታ ሶዶ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩ አያት፣ እናትና ልጅ ወረቀትና እርሳስ ቀርቦላቸው «በቋንቋችሁ አንድ ቃል ጻፉ» ቢባሉ፣ ሦስቱ የሚጽፉት ላይመሳሰል ይችላል። በደርግ ዘመን መሠረተ ትምህርት የተከታተሉት አያት ወላይትኛውን በግዕዝ ፊደል ያሰፍሩታል። በዚያው ዘመን መደበኛ ትምህርት ቤት የገባችው እናት ፊደል የቆጠረችው በአማርኛ ስለሆነ የራሷን ቋንቋ ለመጻፍ ታመነታለች። የዛሬው የአንደኛ ክፍል ተማሪ ደግሞ በላቲን ፊደል ይጽፈዋል። ልዩነቱ የመጣው ልጆች ምን ይጻፉ፣ በምን ይጻፉ የሚለው ጥያቄ በየዘመኑ ከወላይታ ውጭ ሲወሰን ስለኖረ ነው።

ዳዊት ደግሞ ስሙን የማይጽፍ

ወላይታ በራሱ ነገሥታት ሲተዳደር ኖሮ፣ የመጨረሻው ንጉሥ ካዎ ጦና ጋጋ በ1887 ዓ.ም በአፄ ምኒልክ ጦር ድል ሲሆኑ ወደ ማዕከላዊው መንግሥት ተጠቃለለ። ከጦሩ ጋር አብያተ ክርስቲያናት፣ ከእነሱም ጋር የቄስ ትምህርት ገባ።

የቄስ ትምህርት ትልቅ የንባብ ትምህርት ቤት ነው። ልጁ ከፊደል ገበታ ተነስቶ አቡጊዳውን ይለያል፣ መልእክተ ዮሐንስን ይዘልቃል፣ ዳዊት ይደግማል። ጽሕፈት ግን ከዚህ የተለየ ሙያ ነበር። ብራና መፋቅ፣ ቀለም መበጥበጥ፣ መቃ ቀርጾ ብዕር ማበጀት የቁም ጸሐፊው ጥበብ ስለሆነ፣ ለዚያ የሚሰለፈው ከብዙ ተማሪ ጥቂቱ ነው። ዳዊት የደገመ ልጅ ስሙን መጻፍ ሳይችል ሊያድግ ይችል ነበር። እያንዳንዱን ሕፃን እርሳስ አስይዞ ማስጻፍ ከዘመናዊ ትምህርት ቤት ጋር የመጣ አዲስ ነገር ነው።

ወንጌልና አማርኛ

በ1920 ዓ.ም በሐኪሙ ቶማስ ላምቢ የተመሩ የሱዳን ኢንተሪየር ሚሽን ሰዎች ወላይታ ደረሱ፤ በሶዶ አጠገብም ኦቶና ላይ ሰፈሩ። ሕክምናውን፣ ስብከቱንና ንባቡን አያይዘው ጀመሩ። ጣሊያን በ1929 ዓ.ም ሲያስወጣቸው ትተው የሄዱት በጣት የሚቆጠር አማኝና በወላይትኛ የተዘጋጀ ጥቂት የወንጌል ክፍል ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ግን አማኙ በሺዎች ተቆጥሮ ጠበቃቸው። ማንበብ የሚችል ሰው በየመንደሩ መምህር ሆኖ፣ ንባብ ከእምነቱ ጋር ተስፋፍቶ ነበር።

ሆኖም በነሐሴ 1936 ዓ.ም የወጣው ሚሲዮኖችን የሚመለከት ድንጋጌ የማስተማሪያው ቋንቋ አማርኛ እንዲሆን ደነገገ። የአካባቢው ቋንቋ የተፈቀደው አማርኛው እስኪለመድ ድረስ፣ በመጀመሪያው ደረጃ ብቻ ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤቶችም የሚያስተምሩት በአማርኛ ነበር። ወላይትኛ በጽሑፍ የኖረው በቤተ ክርስቲያንና በተርጓሚዎች እጅ ነው። የአጻጻፍ ሥርዓቱ ኋላ በዶክተር ብሩስ አዳምስ በተመራ ቡድን ተሻሽሎ፣ አዲስ ኪዳን በአውሮፓውያኑ 1981 ታትሞ ወጣ።

በእነዚያ ዓመታት አንደኛ ክፍል የገባ የወላይታ ልጅ ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ተጭኖበታል፤ እጁን ከፊደል ጋር ያለማምዳል፣ ጆሮውን ደግሞ ቤቱ ሰምቶት ከማያውቀው ቋንቋ ጋር። እንዲህ ያለ ልጅ የመምህሩን የጠመኔ ጽሑፍ አሳምሮ ይገለብጣል፤ መስመሩን ይጠብቃል፣ ሆሄውን ያስተካክላል። የጻፈው ምን እንደሚል ሲጠየቅ ግን ዝም ይላል። መምህሩ ደብተሩን አይቶ «ጎበዝ» ቢለውም፣ ልጁ ያን ቀን ከፊደሉ ቅርጽ ሌላ የተማረው ነገር የለም።

እናት በማታ፣ ልጅ በቀን

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ «የተማረ ያስተምር፣ ያልተማረ ይማር» ብሎ ሲጀመር፣ ለመጀመሪያው ዙር ከተመረጡት አምስት ቋንቋዎች አንዱ ወላይትኛ ነበር፤ ሌሎቹ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛና ሶማሊኛ ናቸው። ቋንቋዎቹ ኋላ 15 ደርሰዋል፤ የሚጻፉትም በግዕዝ ፊደል ነበር። በዓመቱ ዘመቻው ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ሽልማት አገኘ።

ለወላይታ ይህ ትልቅ ክብር ነበር፤ ነገር ግን ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። እናት ማታ በቋንቋዋ ስሟን መጻፍ ስትማር፣ ልጇ ቀን ትምህርት ቤት ሄዶ በአማርኛ ይማር ነበር። በራስ ቋንቋ መማር ለአዋቂ እንደሚበጅ መንግሥት አምኖ ሳለ፣ ይበልጥ የሚያስፈልገው ሕፃን ተረሳ።

ደም ያስከፈለ መጽሐፍ

የሕፃኑ ተራ የመጣው በ1986 ዓ.ም የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ነው። ፖሊሲው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ፈቀደ። ወላይትኛም የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች የማስተማሪያ ቋንቋ ሆነ፤ የላቲን ፊደልንም ያዘ።

ብዙ ሳይቆይ ወላይታ፣ ጋሞ፣ ጎፋና ዳውሮ ቋንቋቸው ስለሚቀራረብ በአንድ መጽሐፍ ይማሩ ተባለ። ከአራቱ ስሞች ተቀጣጥሎ «ወጋጎዳ» በተባለ፣ ማንም ቤት በማይነገር ቋንቋ መማሪያ መጻሕፍት ታትመው ተሠራጩ። በ1992 ዓ.ም ሶዶ ተነሣች። ከፊት የቆሙት መምህራንና ተማሪዎች ነበሩ። የሰው ሕይወት ጠፋ፣ ብዙዎች ታሠሩ። በመጨረሻ መጻሕፍቱ ተሰብስበው ልጆቹ ወደ ወላይትኛው መጽሐፍ ተመለሱ፤ በ1993 ዓ.ም ደግሞ ወላይታ ከሰሜን ኦሞ ዞን ወጥቶ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። በአገራችን ታሪክ የአንደኛ ክፍል መጽሐፍ ይህን ያህል ዋጋ ያስከፈለበት ሌላ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል።

ዛሬ በእርሳሱ ጫፍ

የዛሬው ልጅ የሚጽፈውን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ቤት በወላይትኛ «ኬታ» ነው። በግዕዝ ፊደል ሁለት ሆሄ ይበቃዋል፤ የ«ኬ» ድምፅ መርዘሙና «ታ» መጥበቁ ግን አይታይም፣ አንባቢው በልምዱ ይሞላዋል። በላቲኑ ልጁ የ«ኤ»ን አናባቢ ሁለት ጊዜ፣ «ት»ን ሁለት ጊዜ ይጽፋል። ሕይወት ማለት «ደኡዋ» ሲሆን፣ መካከል ላይ ጉሮሮ የሚያዝበትን ድምፅ ለመወከል 7 ቁጥር እንደ ፊደል ይገባል። ስለዚህ ልጁ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ሰባት ብሎ የቆጠራትን ምልክት በቋንቋ ክፍለ ጊዜ እንደ ድምፅ ይጽፋታል። እንግሊዝኛ ሲማር ኤክስ የሚላት ፊደል ደግሞ በወላይትኛው «ጥ» ናት። አማርኛን ሲጀምር የግዕዙ ፊደል ይጨመራል። በጥቂት ዓመታት ሦስት ቋንቋና ሁለት ዓይነት ፊደል መሆኑ ነው።

ይህን የሚሸከም ልጅ መጀመሪያ አንዱን ማጽናት አለበት። በቋንቋው ድምፅን ከፊደል ማገናኘት የጨበጠ ልጅ ሌላውን ፊደል ሲማር አዲስ ምልክት ብቻ ነው የሚጨምረው። ያላጸናው ግን ሁሉም ይደባለቅበታል። በ2006 ዓ.ም የተካሄደው የታችኞቹ ክፍሎች የንባብ ምዘና ወላይትኛንም ያካተተ ሲሆን፣ በዚያው ዘመን የወላይትኛ የማንበቢያና የመጻፊያ መጻሕፍት በአዲስ መልክ ተዘጋጅተዋል። ይህ ደግ ነው። ሆኖም መጽሐፍ ብቻውን እጅ አያለማምድም።

የጽሕፈት ክፍለ ጊዜ ከሰሌዳ መገልበጥ አልፎ ልጁ የራሱን ቃል የሚጽፍበት መሆን አለበት። ስሙን፣ ቤቱን፣ እናቱ ገበያ ወርዳ ያመጣችውን ይጻፍ። መምህሩ የወላይትኛውን የአጻጻፍ ሥርዓት በሥልጠና የተማረ ይሁን እንጂ በልምድ የሚገምት አይሁን። እያንዳንዱ ልጅ የራሱ መጽሐፍ፣ ደብተርና እርሳስ ይኑረው። የሶዶ ሰው ልጁ በቋንቋው እንዲጽፍ በ1992 ዓ.ም ዋጋ ከፍሏል። ያን መብት ፍሬ እንዲያፈራ ማድረግ ደግሞ ክፍል ገብቶ የሚያስተምረው፣ መምህሩን የሚያሠለጥነውና በጀቱን የሚይዘው ሰው ዕዳ ነው።