መቶ ሰው ለክብደት፤ የዐፄ ቴዎድሮስ ታንኳና የእኛ ሞተር

ሰሞኑን ተክለ ሃይማኖት አደባባይ አጠገብ፣ የውኃ ፓምፕና ሞተር ወደሚሸጥበት አንድ ሱቅ ጎራ ብዬ ነበር። ከባሕር ዳር የመጣ አንድ ወጣት የጀልባ ሞተር ሊገዛ ቆሟል። «ጋሼ፣ ካሉት ሁሉ ጉልበተኛውን ይስጡኝ» ይላል። ባለ ሱቁ ሽማግሌ፣ «ጀልባህ ስንት ይመዝናል ልጄ?» ብለው ጠየቁት። «ጀልባውንማ ገና አላሠራሁም» አለ። ሽማግሌው ሳቁና፣ «እንግዲያው የምሸጥልህ መልሕቅ ነው» አሉት።

ለእርሱ ሲያስረዱት እኔም አብሬ ተማርሁ። ለቀላል ጀልባ ከባድ ሞተር ከኋላ ከተሰቀለ ኋላው ይዘቅጣል፣ አፍንጫው ወደ ላይ ይነሣል፤ ነጂው ፊቱን አያይም፣ መሪውም እንደ ልብ አይታዘዝም። ፎር ስትሮክ የሚባለው ሞተር ነዳጅ ይቆጥባል፤ ነገር ግን በእኩል ጉልበት ከቱ ስትሮኩ ብዙውን ጊዜ ይከብዳል። በዚያ ላይ ጣና ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ግድም ከፍ ያለ ነው። አየሩ ስስ በመሆኑ ተራ ሞተር እዚያ ከጉልበቱ ወደ አንድ አምስተኛ የሚጠጋውን ያጣል።

ከሱቁ ስወጣ ግን ሐሳቤን የያዘው በዚያው በጣና ላይ የተንሳፈፈ አንድ የጥንት ታንኳ ነበር።

በ1858 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ዘጌ ላይ ሰፍረው ሳለ፣ በሁለት ታላላቅ መንኮራኩሮች የሚሄድ ሰፊና ወፍራም የደንገል ታንኳ አሠሩ። ይህን የጻፈልን ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከሆርሙዝድ ራሳም ጋር የመጣውና በኋላም አብሮ የታሰረው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ ነው። ብላንክ የእስረኛ ምሬት ያለበት ጸሐፊ ነውና ፌዙን ለራሱ እንተውለት፤ ያየውን ግን እንውሰድ። መንኮራኩሮቹን የሚያዞረው የሰው እጅ ነበር። የተተከሉትም ከፍ ብለው ስለ ነበር፣ ውኃውን እንዲነኩ ታንኳው ላይ ቢያንስ መቶ ሰው መሳፈር ነበረበት።

ለመሆኑ የጎደለው ምን ነበር? ብልሃቱ አልጎደለም። በዘመኑ የአውሮፓ እንፋሎት መርከቦችም በጎንና በጎን መንኮራኩር ይሄዱ ነበር። የጎደለው ሞተሩ ነው። የእንፋሎት ማሽን ከነማፍያው እጅግ ከባድ ነው፤ ይህ ክብደት ግን ሸክም ብቻ አይደለም። መሐንዲሱ አስቀድሞ አስልቶ መርከቡን በልኩ ያሰጥምበታል፤ መንኮራኩሩም በትክክለኛው ጥልቀት ውኃውን ይቀዝፋል። አንዱ ዕቃ ክብደትም ጉልበትም ይሆናል ማለት ነው። የደንገል ታንኳ በአንጻሩ እንደ ቡሽ ይንሳፈፋል። መቶው ሰው የሞተሩን ክብደት ተካ፤ ጉልበቱን ግን ሊተካ አልቻለም። እንዲያውም ታንኳው በሰጠመ መጠን የሚገፋው ውኃ ይበዛል፣ መንኮራኩሩን የሚያዞረውም እጅ ይደክማል።

ንጉሡ ሞተሩን ሳይፈልጉ ቀርተው አይደለም። በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ ለዓመታት መልስ አጣ። በ1858 ዓ.ም. ሚስዮናዊውን ፍላድን የእጅ ባለሙያና መሣሪያ እንዲያመጣ ወደ እንግሊዝ ላኩት፤ የተላከው ምጽዋ ቢደርስም እስረኞቹ ካልተፈቱ አይሰጥም ተብሎ እዚያው ቀረ። በበኩሌ ሌላው በነፈጋቸው ጊዜ በደንገል የሞከሩትን ሰው አልስቅባቸውም።

የሚያሳስበኝ መቶው ሰው ነው። እነዚያ ሰዎች የተሳፈሩት ወዴት እንደሚሄዱ ተጠይቀው አልነበረም፤ የተፈለገው ክብደታቸው ነው። በ1860 ዓ.ም. ደግሞ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ በገመድ ጎተቱ። ውኃ ላይ ሕዝቡ ክብደት ሆነ፣ የብስ ላይ ሞተር ሆነ፤ በሁለቱም ግን መሪውን አልያዘም።

ከዚያ ወዲህ በየዘመኑ ሞተር ስናስመጣ ኖረናል። ሕገ መንግሥቱን በ1923፣ ሶሻሊዝሙን በ1967፣ ፌዴራሊዝሙን በ1987 ዓ.ም. አወጅን። ጉልበቱ ተነገረን፤ ታንኳው ግን ስንት እንደሚችል የለካ አልነበረም። መንኮራኩሩ አየር ላይ ሲዞር ደግሞ መፍትሔው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ሕዝቡን ለሰልፍ አውጥቶ መጫን። ሰልፉ ሲበዛ መንኮራኩሩ ውኃ ይነካል፤ እኛም ጉዞ የተጀመረ ይመስለናል። ሕዝብ ግን ለማስጠሚያ የሚጫን ድንጋይ አይደለም፤ የሚሄድበትን የሚያውቅ ባለ ጉዳይ ነው።

ወጣቱ በመጨረሻ ሞተር ሳይገዛ ሄደ። ጀልባውን አሠርቶ፣ ለክቶ ሊመለስ ነው። ባለ ሱቁ ገበያቸው ቢያመልጣቸውም በደስታ ሸኙት።

ቸር ይግጠመን።