ሞተር ያጡ አውሮፕላኖች፦ ከኪ-61 ወደ ኪ-100

የአውሮፕላን ሞዴል የምትገጣጥሙ ከሆነ እስቲ አንድ ነገር ሞክሩ። የጃፓኖቹን ኪ-61 እና ኪ-100 ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ክንፉ ያው፣ ጅራቱም ያው ነው። አፍንጫቸው ግን አይገናኝም፤ የአንዱ ቀጭንና ሹል፣ የሌላው ክብና ደንዳና። ለምን ይሆን? መልሱ ያለው ከጦር ሜዳው ይልቅ ፋብሪካው ውስጥ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥሩ ንድፍ፣ አስቸጋሪ ሞተር

ኪ-61ን ለጃፓን ምድር ጦር የነደፈው የካዋሳኪው መሐንዲስ ታኬኦ ዶይ ነው። መጀመሪያ የበረረው በዲሴምበር 1941 ነበር። በዚያ ጊዜ አብዛኞቹ የጃፓን ተዋጊ አውሮፕላኖች ሲሊንደሮቹ በክብ የተደረደሩ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ነበራቸው። ኪ-61 ግን በፈሳሽ የሚቀዘቅዝ ጠባብ ሞተር ተገጠመለት። ሃ-40 የተባለው ይህ ሞተር ካዋሳኪ ከጀርመኑ ዳይምለር-ቤንዝ ፈቃድ ገዝቶ ያመረተው ዲቢ 601 ነው። ሞተሩ ሲጠብ አፍንጫው ይጠባል፤ የአየር ተቃውሞውም ይቀንሳል።

ችግሩ የመጣው ከምርቱ ነው። የዚህ ሞተር ክራንክሻፍትና ሮለር ኩሽኔታዎች እጅግ ትክክለኛ ልኬት ይፈልጋሉ። ዕቃ ነድፋችሁ ወርክሾፕ ያሠራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ወረቀት ላይ ያለው ልክ ብረቱ ላይ በቀላሉ አይገኝም። ንድፉን መግዛት ይቻላል፤ በዚያ ልክ የሚቆርጥ ማሽን፣ የሠለጠነ እጅና ጥሩ ብረት ግን አብረው አይመጡም። በ1943 ኒው ጊኒ የዘመቱት ኪ-61ዎች ከጠላት ሌላ ከገዛ ሞተራቸውም ጋር ነበር የሚታገሉት። 1,500 የፈረስ ጉልበት የታሰበለት ተተኪው ሃ-140 ደግሞ ይባስ አለ። የአውሮፕላኑ አካል ይመረታል፣ ሞተሩ አይደርስም። በመጨረሻ ወደ 275 የሚጠጉ አውሮፕላኖች ሞተር አጥተው ቆሙ።

ሰፊውን ሞተር በጠባቡ አካል ላይ

መፍትሔው የሚትሱቢሺው ሃ-112 ሆነ። ባለ 14 ሲሊንደር፣ 1,500 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ በአየር የሚቀዘቅዝና የተፈተነ ሞተር ነው። ነገር ግን ዲያሜትሩ 1.22 ሜትር ሲሆን የአውሮፕላኑ አካል ስፋት 84 ሳንቲሜትር ብቻ ነው። በየጎኑ 19 ሳንቲሜትር ይተርፋል ማለት ነው። እንዲህ ባለ ደረጃ ላይ የሚያልፍ አየር ከአካሉ ተላቅቆ ይታወካል፤ ተቃውሞው ይጨምራል።

እዚህ ላይ ከጀርመን የመጣ አንድ ፎክ-ቩልፍ 190 ጠቀማቸው፤ እሱም ሰፊ ሞተር በጠባብ አካል ላይ የተሸከመ ነውና። የካዋሳኪ መሐንዲሶች አጠኑትና የጭስ ማውጫ ቱቦዎቹን ከሞተሩ ሽፋን ኋላ በጎን በኩል ደረደሯቸው። ደረጃውንም በተጨማሪ ቆርቆሮ አለሰለሱት።

ብዙ ጊዜ ኪ-100 የተወለደው የሞተር ፋብሪካው በቦምብ ስለተመታ ነው ሲባል ትሰማላችሁ። ቀኖቹን እንያቸው። አካሺ ያለው ፋብሪካ የተመታው ጃንዋሪ 19፣ 1945 ነው፤ ኪ-100 የበረረው ፌብሯሪ 1። በ13 ቀን ማንም አዲስ አፍንጫ ነድፎ፣ ሠርቶ አያበርርም! ሥራው የተጀመረው በ1944 መጨረሻ ነው። ቦምቡ የሃ-140ን ታሪክ ዘጋው እንጂ አላስጀመረውም።

ውጤቱስ? ፍጥነቱ ትንሽ ቀነሰ፤ ወደ 580 ኪሎ ሜትር በሰዓት ግድም። ራዲያተሩና ፈሳሹ ስለቀሩ ግን አውሮፕላኑ ከ300 ኪሎ በላይ ቀለለ፣ እንደልብ የሚታጠፍም ሆነ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሞተሩ በተፈለገ ጊዜ ይነሳል። ቢሆንም ጦርነቱ በኦገስት አበቃ፤ ወደ 390 የሚሆኑ ኪ-100ዎች ውጤቱን ሊቀይሩ አልቻሉም።

ሞዴላችሁ ላይ ምን ትፈትሹ?

19 ሳንቲሜትሩ በ1 ለ48 መጠን በየጎኑ 4 ሚሊሜትር፣ በ1 ለ72 ደግሞ 2.6 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። አፍንጫው ያለምንም ደረጃ ወደ አካሉ የሚፈስ ከሆነ ተጠራጠሩ። ከሆዱ ሥር የኪ-61 ራዲያተር ካለም ስህተት ነው። ከኮክፒቱ ኋላ ያለው ጀርባ ከፍ ያለ ከሆነ የመጀመሪያው ዓይነት ነው፤ ዝቅ ብሎ ዙሪያውን የሚያሳይ መስታወት ካለው የኋለኛው። ይህ የኋለኛው ዓይነት ዛሬ እንግሊዝ ውስጥ በሮያል ኤር ፎርስ ሙዚየም ይገኛል፤ ኪ-61 ደግሞ ጃፓን ውስጥ በካካሚጋሃራ ሙዚየም። ፎቶዎቻቸውን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ያንን 19 ሳንቲሜትር ፈልጉት።