ብርድ ልብስን የሚቀጣ ደንብ

የአሜሪካ ከተሞች ሥራ ፈትቶ በየመንገዱ የሚዞርን ሰው የሚቀጡባቸው ደንቦች ለረጅም ጊዜ ያገኙትን ሁሉ ጠራርገው የሚይዙ ነበሩ። የፍሎሪዳዋ ጃክሰንቪል ከሰካራሙና ከቁማርተኛው ጋር፣ መሥራት እየቻለ በሚስቱ ገቢ የሚኖረውን ባል ሳይቀር በጥፋተኛነት ትዘረዝር ነበር። ሁለት ጥቁር ወንዶችና ሁለት ነጭ ሴቶች በአንድ መኪና ወደ ምሽት ክለብ ሲሄዱ ተይዘው፣ በመኪና ሲያደቡ ተገኙ ተብለው የተከሰሱት በዚሁ ደንብ ነው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1972 ደንቡን ሻረው፤ ዜጋው ምን እንደተከለከለ አያውቅም፣ ፖሊሱም ደስ ያለውን ይይዝበታል በሚል። በ1999 የቺካጎ ደንብ በተመሳሳይ ምክንያት ሲወድቅ በ3 ዓመት ውስጥ ከ42,000 በላይ እስራት ተፈጽሞበት ነበር።

ይህ ድል ለቤት አልባው ምን አተረፈለት? በእኔ እይታ፣ ከተሞቹ ከፍርዶቹ የተማሩት አጥርቶ መጻፍን ነው። የኦሪገኗ ግራንትስ ፓስ ደንብ በግልጽነቱ አይታማም ነበር። በሕዝብ ቦታ ለመኖር ብሎ ብርድ ልብስ ያነጠፈ ሰው እንደሰፈረ ይቆጠር ነበር፤ ቅጣቱ 295 ዶላር፣ ካልተከፈለ 537 ዶላር ከ60 ሳንቲም ነበር። ሁለት ጊዜ የተቀጣ ሰው ከመናፈሻ ሊታገድ ይችል ነበር፤ እገዳውን ከጣሰ እስከ 30 ቀን እስርና 1,250 ዶላር ሊፈረድበት ይችል ነበር። ባዶ ኪስ ላይ የተጻፈ ቅጣት ለከተማዋ ገንዘብ አያስገባም፤ ዕዳ ሆኖ ስሙ ላይ ይቀመጥና ነገ ቤት ልከራይ ሲል ከፊቱ ይደቀናል።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2024 ደንቡን 6 ለ 3 አጸናው። የብዙኃኑን ውሳኔ የጻፉት ዳኛ ጎርሰች እንዳሉት ደንቡ የሚቀጣው ድርጊትን ነው፤ ለእረፍት የወጣ መንገደኛም፣ ለተቃውሞ ድንኳን የተከለ ተማሪም እኩል ይጠየቅበታል። ተማሪው ግን ሲበርደው የሚመለስበት መኝታ ክፍል አለው።



የሚገርመው፣ ለግራንትስ ፓስ ነዋሪ የቀረለት ከለላ ያልጠራ ሕግ መሆኑ ነው። የኦሪገን ክልል በ2021 ያወጣው ሕግ በውጭ መቀመጥን፣ መተኛትንና ከብርድ መከለልን የሚመለከት የከተማ ደንብ ሁሉ በሰዓቱ፣ በቦታውና በአኳኋኑ «ምክንያታዊ» እንዲሆን ያዛል። ይህ መለኪያ ልቅ ነው፤ ልቅ በመሆኑም ዳኛው የቤት አልባውን ሁኔታ ሳያይ ሊፈርድ አይችልም።