የቮልስ ሰዎች እንጀራ

እንግዲህ ጆሮ ስጡኝ። ልደታ አካባቢ ቮልስ የያዘ ሰው የክርስትና ስሙም የዓለም ስሙም አይጠራም። የሚጠራው በመኪናው ሞዴል ነው። «ባለ 58 መጣ»፣ «ባለ 65ቷ ዛሬ አዳር ናት መሰለኝ»፣ እንዲህ ነው ወሬው። ቁጥሩ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። አንድ አዛውንት ደግሞ አሉ፣ ባለ 67። እሳቸው ፊት አዲስ ሰው «የትኛው 67?» ብሎ ከጠየቀ የዚያን ቀን ሥራ ቀረ ማለት ነው። ለምን እንደሆነ እደርስበታለሁ።

ታዲያላችሁ፣ እነዚህ ሰዎች እሑድ እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ ከልደታ ማርያም ብዙም በማይርቅ አንድ ጋራዥ ደጃፍ ይሰበሰባሉ። ባቡሩ ከላይ በድልድዩ እየተጎተተ ያልፋል፤ ከታች የቮልስ ሞተር ያንቋርራል፤ ጀበናዋ መሀል ላይ ናት። «ሥራህ ምንድነው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። የሚጠያየቁት ስለ ካንዴላ፣ ስለ ፍሪሲዮን፣ ቤንዚን ስለሚያንጠባጥብ ካርቡራተር ነው። እኔ ግን ሰው በምን እንደሚያድር ሳላውቅ አብሬው ቡና ብጠጣ ቡናው አይጥመኝም። መጠየቁ ነውር መስሎ ስለታየኝ ዘዴ ፈለግሁ። ዘዴው ቀላል ነው፤ ኮፈን ሲከፈት ጠጋ ብሎ መቆም።

የቮልስ ነገር እንደምታውቁት ግልብጥ ነው። ሞተሩ ከኋላ፣ ዕቃ መጫኛው ከፊት። ፊቱን ከከፈትክ የምታየው ብረት ሳይሆን የሰውየውን ኑሮ ነው።

ባለ 58 ሲከፍት ታጣፊ ወንበር፣ ዣንጥላ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀትና ቁልፎቹ ያረጁ የጽሕፈት መኪና አየሁ። ሌላ ምን ማስረጃ እፈልጋለሁ? አቤቱታ ጸሐፊ ነው። የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የልደታ ምድብ ችሎት ባለበት ሰፈር ከወረቀት የሚያድረው ሰው ብዙ ነው፤ ጠበቃው፣ ጸሐፊው፣ ፎቶኮፒ አንሺው፣ ደንበኛ ይዞ የሚመጣው ደላላ። ባለ 58 ዛሬ የሚጽፈው በላፕቶፕ ነው፤ የጽሕፈት መኪናውን የሚያዞረው ባለጉዳይ ሲያየው ስለሚያምነው ነው ይላል። መኪናው የነዳጅ ጌጅ የለውም። ቮልስ ላይ ጌጅ የተገጠመው በፈረንጆቹ 60ዎቹ መጀመሪያ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተሠሩት ነዳጅ ማለቁን የሚናገሩት በመንተፋተፍ ነው። ሞተሩ ሲንተፋተፍ እግር ዘንድ ያለችውን መክፈቻ በጫማህ ገፋ ታደርጋለህ፤ መጠባበቂያው ይለቀቃል፤ ማደያ እስክትደርስ ትጸልያለህ። «ባለጉዳዮቼም እንዲሁ ናቸው» አለኝ አንድ ቀን። «ገንዘቡ ማለቁን የሚያውቁት መሀል መንገድ ላይ ነው።»

ባለ 65ቷ ነርስ ናት። በኮፈኗ ውስጥ ነጭ ጫማ፣ ተጣጥፎ የተቀመጠ ጋውን፣ የገበያ ዘንቢል። መኪናው የአባቷ ነበር። የድሮዎቹ ቮልሶች 6 ቮልት ናቸውና መብራታቸው ሻማ ነው፤ አባትየው «የአገሩን ነገር አትንኩብኝ» እያሉ እንዲሁ ነድተውት አለፉ። እሷ ግን ከአዳር ወጥታ በጨለማ በአብነት በኩል የምትመለስ ሰው ናት። ከቀብር በኋላ መጀመሪያ ያስደረገችው ነገር ወደ 12 ቮልት ማስቀየር ነበር። ከነባሮቹ አንዳንዶቹ አኩርፈውባታል፤ ኦሪጅናሉ ተበላሸ ባዮች ናቸው። እኔ ከእሷ ጋር ነኝ። ኦሪጅናል ብሎ ነገር ሌሊት የማይሠራ ሰው ጨዋታ ነው።

ጎሚስታውን ደግሞ ልንገራችሁ። የእሱ ቮልስ ገና ሙሉ አይደለም። ከሱቁ ጀርባ ጎማ የሌለው ቦዲ በብሎኬት ላይ ተቀምጧል፤ ዛሬ አንድ ፓራፋንጎ፣ ሌላ ጊዜ አንድ ቸርኬ እየገዛ ያከማቻል። አባል ነው አይደለም የሚል ክርክር ነበር፤ አይደለም ባዮቹ ተረቱ፤ ምክንያቱም ሁሉም ይፈልገዋል። የቮልስ መስታወት ማጠቢያ ውኃ የሚረጨው በሞተር አይደለም፣ ከመለዋወጫ ጎማው በሚሳብ አየር ነው። ስለዚህ ክረምት ሲገባ የልደታ ቮልሶች መስታወት ለማጠብ ብለው ጎሚስታ ዘንድ ይሰለፋሉ። ሌላው ሾፌር ያያቸውና ያልፋል።

ቀለም ቀቢው አለ፣ የራሱ መኪና ከአፍንጫ እስከ ጅራት ስቱኮ ብቻ የሆነ። አውሮፕላን ላይ የምትሠራ አንዲት ልጅ አለች፤ ከየአገሩ በሻንጣዋ ጓርኒሲዮን ይዛ ትመጣለች። መቼም ቦታው ልደታ ነው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ያደረገው ከዚሁ ከልደታ ሜዳ ነበር። ዛሬ አሮጌው ኤርፖርት የምንለው ማለት ነው። ልጅቷ ይህን ስነግራት «እና የትራንስፖርት አበል ልጠይቅበት?» አለችኝ።

ባለ 70ውን ግን ብዙዎቹ በጎን ያዩታል። ክሬም ቀለም የተቀባ፣ ፓራውልቱ የሚያንጸባርቅ፣ እንከን የማይወጣለት ቮልስ አለው፤ ያከራየዋል። ለሠርግ፣ ለፎቶ፣ ለማስታወቂያ፣ የድሮ ዘመን ለሚያሳይ ፊልም። ኮፈኑ ውስጥ የላስቲክ አበባ፣ ሪባንና የመስታወት መወልወያ ነው ያለው። «እኛ ለመኪናችን እንሠራለን፣ እሱ መኪናውን ያሠራል» ይሉታል። እኔ ሐሜቱ አይገባኝም። ደሞዝተኛው የወር ገቢውን በካርቡራተር ሲያፈስ «ፍቅር» ከተባለ፣ መኪናው የራሱን ዘይት ከፍሎ ለልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ሲተርፈው ምን ይባላል? ሠርግ በጾም ሲቀር ብቻ ነው ፊቱ የሚከፋው። ያን ጊዜ ደግሞ የሁሉንም ቡና የሚከፍለው እሱ ነው። ይሄን የሚያነሳለት የለም።

አሁን ወደ ጋራዡ ባለቤት እንግባ። መካኒኩ ከሁሉም በዕድሜ አይበልጥም፣ በቃል ግን ይበልጣል። የተማረው እዚሁ ተግባረ ዕድ ነው። ተግባረ ዕድ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ ለዚህች ከተማ ብረት የሚገባው ሰው ሲያወጣ የኖረ ቤት ነው። እንጀራው ግን ቮልስ እንዳይመስላችሁ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ቪትዝ፣ ኮሮላ፣ ያሪስ ነው። ቮልስ የሚነካው እሑድ ነው፣ ያውም ዋጋውን እንደ ሰውየው ኪስ እየቆረጠ።

እሑድ ሲሠራ ማየት ነው እንጂ! የቮልስ ሞተር ከካምቢዮው ጋር የተያዘው በአራት ብሎን ነው። ክሪክ ሥር ይገባል፣ ሽቦና ቱቦው ይነቀላል፣ ሞተሩ መሬት ይወርዳል፤ ሁለተኛው ቡና ሳይፈላ። ራዲያተር የለ፣ ውኃ የለ፤ የሚያቀዘቅዘው አየር ነው። ለዚህም ነው ውኃ ሩቅ በሆነበት አገር የተወደደው። ነገር ግን አየሩን የሚነፋው ማራገቢያ የሚዞረው ዲናሞውን በምታዞረው በአንዷ ቺንግያ ነው። ቺንግያዋ ከተበጠሰች የባትሪዋ ቀይ መብራት ትበራለች። የማያውቅ ሰው «ባትሪ ነው፣ ቤት ስደርስ» ብሎ ይነዳል፤ ቤት ሲደርስ ሞተር የለውም። መካኒኩ አዲስ ገዢ ሲመጣ የመጀመሪያ ትምህርቱ ይሄ ነው። ሁለተኛው የአዲስ አበባ ከፍታ ነው። ወደ 2,400 ሜትር ላይ አየሩ ሳሳ ይላል፤ ለባሕር ዳርቻ አገር የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፤ መኪናው ዳገት ላይ ይለግማል። ነዳጅ የምታሳልፈውን ትንሿን ቀዳዳ በጠበበች መቀየር ነው መፍትሔው። በዚያ ላይ አንድ ሰው በሩ አልዘጋ ብሎት ሲያላጋው ከሩቅ ይጮኻል፦ «መስኮቱን ትንሽ ክፈት!» ቮልስ አየር አያሳልፍም፤ መስኮት ካልተከፈተ አየሩ ራሱ በሩን ይመልሰዋል።

መለዋወጫውን ከየት ያመጣል? ከሶማሌ ተራ፣ ከምን አለሽ ተራ፣ ከሞተ ሰው ግቢ፣ ከልጅቷ ሻንጣ። የመጨረሻው የድሮ ቮልስ ሜክሲኮ አገር ፑዌብላ ከሚባል ፋብሪካ የወጣው ሐምሌ 23 ቀን 1995 ዓ.ም. ነው፤ ቁጥሩም 21,529,464ኛ ነበር። «ዕቃው ከሜክሲኮ ነው» ሲል ታዲያ ፊቱን አይቼ ነው የማምነው። የእኛው ሜክሲኮ አደባባይ በእግር የሚደረስበት ነውና።

ባለ 67 ላይ ደረስን። ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። መኪናውን የገዙት በ1964 ዓ.ም. አገሩን ለቆ ከሚሄድ ፈረንጅ፣ በመምህር ደሞዝ፣ ቀስ እያሉ እየከፈሉ ነው። ያኔ ቮልስ የባለ ደሞዝ መኪና ነበር። መኳንንቱ በመርሴዲስ፣ መምህሩና የመሥሪያ ቤት ጸሐፊው፣ ገንዘቡ ከተገኘ፣ በቮልስ። ከዚያ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. መጣ። ደርግ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት አውጥቶ፣ ሮልስ ሮይስ ለለመዱት ንጉሥ የቮልስ የፊት ወንበር አጥፎ ከኋላ አስገብቶ፣ ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር ወሰዳቸው። «የትኛው 67?» ሥራ የሚያስቀረው በዚህ ነው። ባለ 67 «ሆን ተብሎ ነው፣ ለማዋረድ ነው» ይላሉ። ባለ 58 «ለመሰወር ነው፣ ቮልስ ማን ያየዋል» ይላል። ቀለም ቀቢው አረንጓዴ ነበር ይላል፣ ጎሚስታው ሰማያዊ። መካኒኩ ከመኪና ሥር ሆኖ «የዚያን ጠዋት የተነሳው እሱ ብቻ ይሆናል» ይልና ሁሉንም ያሳርፋቸዋል። በደርግ ጊዜ የግል መኪና ማስገባት ቀላል ስላልነበር ባለ ደሞዙ የያዘውን ቮልስ እየጠገነ ቆየ። ዛሬ የምናየው ቮልስ የተረፈው በፍቅር ብቻ ነው የሚለኝ ካለ፣ እኔ በማጣትም ነው እላለሁ።

ደግሞ ጊዜው ዞረና በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን ሰማይ ሰቀለው፤ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የግል መኪና ጭራሽ እንዳይገባ ተባለ። ቮልስዋገን ኩባንያ በ2011 ዓ.ም. ከኢንቨስትመንት ኮሚሽን ጋር የመግባቢያ ሰነድ ሲፈራረም ሰፈሩ ሁሉ ፋብሪካ ሲጠብቅ ነበር። የመጡልን ግን በቻይና የተሠሩት ኤሌክትሪኮቹ፣ አይዲ 4 እና አይዲ 6 ናቸው። አንድ ነጋዴ በአይዲ 4 መጥቶ «እኔም ቮልስ ነኝ» አለ። ፊቱን ክፈት አሉት። ከፈተ። ከፊት ዕቃ መጫኛ የለውም። ተሳቀበት፤ ቡናው ግን ተቀዳለት። መካኒኩ ብቻ አልሳቀም። በማግስቱ አጋዡን ልጅ የኤሌክትሪክ መኪና ጥገና እንዲማር ማታ ማታ ይልከው ጀመር፤ ክፍያውን ራሱ እየቻለ። ቪትዙ ሲያልቅ የሚበላውን ያሰበ ሰው ነው።

ግንቦት ልደታ ነበር፣ ንፍሮው ደጅ ላይ ወጥቶ። ባለ 67 ዓይናቸው እየደከመ ነውና መኪናውን ለልጅ ልጃቸው ሊያዛውሩ ወሰኑ። ያን ጊዜ ነው ሥራቸውን የማይጠያየቁት ሰዎች ሥራቸውን ያወጡት። ባለ 58 የስጦታ ውሉን ጽፎ መጣ። ነርሷ የሽማግሌውን ዓይን ለሚያይ ሐኪም ቀጠሮ አስያዘች። ጎሚስታው ለራሱ ያከማቸውን አንዱን ቸርኬ አወጣ። ባለ 70 የልጅ ልጃቸው መንጃ ፈቃድ ስታወጣ የምትለማመድበትን መኪና ልስጥ አለ፤ ያንን ክሬሙን! ማንም አላመነውም፣ እሱ ግን ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። መካኒኩ ሞተሩን አወረደ።

ቀረ ቀለሙ። ባለ 67 በነፃ አይሆንም አሉ። ቀለም ቀቢው ድሮ ተማሪያቸው ነበርና ተሽኮርምሞ አንድ ዋጋ ተናገረ። ሽማግሌው ንፍሯቸውን አላምጠው እስኪውጡ ዝም አሉ።

«ይሄን ቁጥር ከየት አመጣኸው?»

«ጋሼ፣ ላሜራው አለ፣ ስቱኮው አለ፣ ቀለሙ ራሱ ዛሬ ዛሬ...»

«እሱን አልጠየቅሁህም። አሠራሩን አሳየኝ።»

ቀለም ቀቢው እርሳሱን ከጆሮው ላይ አወረደና በባለ 67 ፓራፋንጎ ላይ መደመር ጀመረ።